ሌጦ አንሸጥም

በቆዳ ተራ ንዴቱን የጫረው ጫማ ነው። ሙሴው፣ ቆዳ ወደ ውጭ የሚልከው የፈረንጅ ወኪል፣ የፍየል ሌጦ በብር ከሃምሳ ገዝቶ በጅቡቲ በኩል ይልካል፤ ሌጦው ጫማ ሆኖ መርካቶ ሲመለስ ሃያ አምስት ብር ይጠራል። "ፍየላችን ዋጋ የምታወጣው ባሕር ስትሻገር ነው እንዴ?" አሉ ነጋዴዎቹ። እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ ተማማሉ። ከሦስት ብር በታች ማንም አይሸጥም፤ የሸጠ ከተራው ይባረራል። መርከቡ ጅቡቲ ቆሟል፤ ሙሴውን የጎደለው የአንድ መጋዘን ሌጦ ብቻ ነው። አንዱ ካፈነገጠ የሌሎቹ ሌጦ በክረምቱ ይበሰብሳል።

መሐላውን ያስማሉት የተራው አንጋፋ ነጋዴ ጋሼ ወልደ ሚካኤል ናቸው፤ ሲቆጡ እስከ ጭድ ተራ ይሰማሉ። ከነጋዴዎቹ መካከል ያፈነግጣል ብሎ ሁሉም የፈራው ሽኩርን ነው። ሚስቱ ሆስፒታል ከተኛች ወዲህ እጅ አጥሮታል።

ሙሴው ሲያካፋ መጣ። በተራው ወግ ዋጋ በአፍ አይጠራም፤ ሻጭና ገዢ በጋቢ ሥር ተጨባብጠው በጣት ይነጋገራሉ። ሙሴው እጁን ከሽኩር ጋቢ ሥር ሰደደ። ቆየ። ሽኩርን አላበው።

"ሽኩር ሸጠን!" ብላ ጮኸች ሌጦ ነጋዴዋ ሰአዳ።

ጋሼ ወልደ ሚካኤል ዘለው ገቡ። የሙሴውን እጅ ከሽኩር መንጭቀው ወደ መንገዱ ጎተቱት።

"አንተ መዥገር! ደማችንን መጠህ አልጠግብ አልክ? ሌጦዬን ከምትወስድ የራሴን ቆዳ ግፈፍ!"

ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወርዶ የሁለቱንም እጅ ሸፈነ። ገላጋይ ቢመጣም እጁን አልለቀቁትም። እየሰደቡ እስከ መሳለሚያ መታጠፊያ ሸኙት። ሰዉ አንጀቱ ራሰ።

ሽኩር ግን ተከቧል።

"ወላሂ አልሸጥኩም! ሁለት ብር ሲለኝ እምቢ አልኩት!"

"ታዲያ እጅህ ምን አቆየው?" አለች ሰአዳ።

"ሦስት አድርግልኝ ብዬ ስለምነው ነዋ!"

የተቆጣ ሰው ጆሮ የለውም። ሌጦውን አውጥተው ጭቃ ላይ ጣሉበት። ሰአዳ ምራቋን ተፋችበት። ጋሼ ወልደ ሚካኤል ሲመለሱ ሽኩር እግራቸው ሥር ወደቀ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ይፍረዱኝ!"

"መሐላ መሐላ ነው" አሉ ዓይኑን ሳያዩት። "ከተራው ይውጣ።"

ሽኩርን ገፍትረው አስወጡት።

ጀምበር ሳትጠልቅ የሙሴው ካሚዮን መጥቶ ሌጦ ጫነ፤ ከጋሼ ወልደ ሚካኤል መጋዘን።