የዳር ጎመኖች

እናቱ ክንዱን እንደያዘች የጓሮው ጫፍ ላይ ስትደርስ ቆመች። ከሆስፒታል ከወጣች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው። ዓይኗ ከብርሃንና ከጥላ በቀር የሚለየው የለም፤ እግሯ ግን ጓሮውን በእርምጃ ያውቀዋል። በጫማዋ ጫፍ መሬቱን ዳሰሰች።

«እዚህ ጋ የነበሩትስ?»

«የትኞቹ?»

«የዳሮቹ ጎመኖች ናቸዋ። ስድስት ነበሩ።»

«እነሱማ ክሽክሽ የሚባለው ተባይ የወረራቸው ናቸው እማዬ፤ አመድ የተነፋባቸው ነበር የሚመስሉት። ነቅዬ አቃጠልኳቸው።»

ልጇ አናጺ ነው፤ የተዝረከረከ ነገር አይወድም። እሷ በሌለችባቸው ሠላሳ ስድስት ቀናት ጓሮውን አርሞ፣ ኮትኩቶ፣ መስመሩን በገመድ አስተካክሎ ጠብቋታል።

«መቼ ነው የነቀልካቸው?»

«ሦስት ሳምንት ይሆናል።»

«እንዲወረሩ እኮ ነው የተከልኳቸው» አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ። «ተባዩም መብላት አለበት፤ እዚያ እስከጠገበ ድረስ ወደ መሃል አይመጣም። ቀያዮቹ ጥንዚዛዎችም የሚፈለፈሉት እዚያው ነው፤ ክሽክሹን የሚለቅሙልኝ እነሱ ናቸው። አንተ ሁሉንም ባንድ ክብሪት...»

«አልነገርሽኝም እኮ።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትበላ አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ነገ እህቱ ጓሮውን ልታይ ትመጣለች። ከፈረደች ስለማትመለስ ቤት ውስጥ «ዳኛዋ» ይሏታል። ነገሩ በስልክ አልቋል፦ ጓሮው ዘንድሮ እናትየውን መቀለብ ከቻለ እዚሁ ትቆያለች፤ ካልቻለ ቤቱ ተዘግቶ ዳኛዋ ጋ፣ ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ትገባለች። እናቱ ራሷ «እሺ» ብላለች። ቃሏን ደግሞ አታጥፍም።

«በል የመሃሎቹን እየገለበጥክ እይልኝ። ከቅጠሉ ሥር ነው የሚጀምረው።»

ተንበረከከ። የመጀመሪያውን ቅጠል ገለበጠ። ግራጫ፣ ጥቃቅን፣ እርስ በርስ የተደራረቡ፤ ጅማቱን ተከትለው እስከ አገዳው ወርደዋል። ሁለተኛውም ላይ አሉ። ሦስተኛው ቅጠል ራሱ ተጨማዶ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል። ከአሥራ ሁለት እግር ጎመን ንጹህ ያገኘው አንድ ብቻ ነው። ጥንዚዛ የሚባል አላየም።

«አለ?»

ቀና ብሎ አያት። የሆስፒታሉን የፕላስቲክ አምባር ገና ከእጇ አላወለቀችም።

«የለም» አላት። «ንጹህ ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም፣ እማዬ።»

ከዚያ ትከሻውን ተደግፋ ጎንበስ አለችና በእጇ እየፈለገች አጠገቧ ያለውን ቅጠል አገኘች። አውራ ጣቷ ከአገዳው ተነስቶ እስከ ጫፉ በቀስታ ሄደ። እሱ ያኔ ነው ያስተዋለው፤ ተባዩ ከላይኛው ቅጠል ያንጠባጠበው ወዝ በቅጠሉ ላይ እንደ ስኳር ውሃ ያብለጨልጫል።

«እህትህ በስንት ሰዓት እደርሳለሁ አለች?»

መልሱን አልጠበቀችም። ፊቷን ወደ ቤቱ አዙራ፣ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አጋጠመች፤ እየተጣበቁባት ቀስ ብላ አላቀቀቻቸው። እንደገና አጋጠመች፤ አላቀቀች።