ወገቧ የተያዘበት ቀን

ከሥራ ስትመለስ እናቷን ግቢ ውስጥ ጎንበስ ብላ ልብስ ስታጥብ አገኘቻት። ስንት ራጅ ተነስታ፣ ስንት ጠበል ተጠምቃ ከአልጋ ያልወረደች ሴት ናት። ሽንት ቤት እየደገፈች ስትወስዳት፣ ወገቧን ስታሽላት የኖረችው ይህችው አንድ ልጇ ናት። ዕንባዋ መጣ።

«እማዬ፣ ይኼ አዲሱ ሐኪም ምን ሰጥቶሽ ነው?»

«ምንም አልሰጠኝ። በየሳምንቱ ስናወራ ነው የከረምነው። ሕመምሽ የውሸት አይደለም፤ ወገብሽ ግን ጤነኛ ነው፤ የያዘሽ ፍርሃት ነው አለኝ። የጀመረኝን ቀን አስታውሼ ስነግረው አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ።»

«መቼ ነበር የጀመረሽ?»

እናቷ ነጠላዋን ጨመቀች። «የመክብብ ሽማግሌዎች አንቺን ሊጠይቁ የመጡ ዕለት። ጥላኝ ልትሄድ ነው ብዬ ነበራ። እናቴ ታማብኛለች ብለሽ መለስሻቸው።»

ልጇ የተጨመቀውን ነጠላ ተቀብላ ገመዱ ላይ አሰጣች።

«መክብብ ባለፈው እሑድ ሴት ልጁን ዳረ» አለች።

«ሰምቻለሁ፤ እሰይ» አለች እናቷ፣ ወገቧን ቀና አድርጋ። «እንግዲህ እኔም ድኛለሁ። አንቺም አሁን ማግባት ትችያለሽ።»