ካሳነሽ ሐኪሙ ላይ የወረወረችው ክኒን

«ዶቶሬ… እኔ ወባ የለብኝም!»

ካሳነሽ የክኒኑን ፓኮ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ወርውራ ብድግ አለች።

ቦታው ሮም ነው… ዘመኑ የደርግ ዘመን።

«ሲኞራ፣ ይቀመጡ… ላስረዳዎት» አለ ሐኪሙ ደንግጦ።

«ምኑን ነው የሚያስረዱኝ? ክሎሮኪን ይላል! ማንበብ እችላለሁ! የመጣሁት ከደብረ ብርሃን ነው፣ ውርጭ አገር! ወባ እኛ ሰፈር ዝር ብሎ አያውቅም! ጥቁር ስላዩ ወባ መሰለዎት?»

በሩን ድው አድርጋው ወጣች።

ክሎሮኪንን በደንብ ታውቀዋለች። ወደ አዋሽ ቆላ ለሥራ የወረዱ ዘመዶቿ ለወባ ሲውጡት እያየች ነው ያደገችው።

«ጎሽ የኔ ልጅ!» አላችሁ አይደል? ቆዩ… አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ሐኪም ቤት ምን ወሰዳት?

ጣቶቿ!

ካሳነሽ ሲኞራዋ ማለትም ጣልያናዊት አሠሪዋ ቤት እያደረች የምትሠራ የቤት ሠራተኛ ናት። ከጥቂት ወራት ወዲህ ጠዋት ስትነሳ ጣቶቿ አልታጠፍ ይሏታል። አንጓዎቿ ያብጣሉ… ይግላሉ… የቡና ማፍያዋን ጠምዝዞ መክፈት እንኳ ፈተና ሆኖባታል።

ቤተሰቡ ሳይነሳ ቀድማ ትነሳና እጇን ሙቅ ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፋለች።

ሲኞራዋ «ምን ሆነሽ ነው?» ስትላት መልሷ ሁሌም አንድ ነው… «ብርድ ነው።»

ለምን ትደብቃለች?

እጇ ከከዳት ሥራዋ ይሄዳል። ሥራዋ ከሄደ ፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ አይታደስም። አገር ቤት ደግሞ ወንድሟን ያሰረው ደርግ ነው የሚጠብቃት።

ሐኪሙ «አርትሪቴ ነው፣ ገና ጅማሬው ላይ ደርሰዋል፣ ቶሎ ይታከሙ» ብሏት ነበር። እኛ አርትራይቲስ፣ እናቶቻችን ቁርጥማት የሚሉት መሆኑ ነው። እስከዚህ ድረስ በደንብ ሰምታዋለች… ፓኮውን ስታይ ግን ጆሮዋ ተደፈነ።

ሐሙስ ደረሰ።

ሐሙስ ከሰዓት የሮም የቤት ሠራተኞች ሁሉ እረፍት ናቸው። የእኛዎቹም እንደ ልማዳቸው ፒያሳ ቪቶሪዮ አደባባይ አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ተሰብስበዋል።

ካሳነሽ መሀል ቆማ ታሪኩን በትወና አወራችው። የሐኪሙን ድንጋጤ እንኳ አልተወችም።

«ደግ አደረግሽ!» አለች ጓደኛዋ እልፍነሽ። «እኛን ሲያዩ ከወባና ከረሃብ ሌላ አይታያቸውም!»

ሳቅ… ጭብጨባ… «አንበሳ ነሽ!»

አንድ ሰው ብቻ አልሳቁም።

እትዬ ጣይቱ… ከሁሉም ቀድመው ሮም የገቡት ሴት። ከኋላቸው «ኩራተኛ» ነው የሚሏቸው፤ ሰው ሲጨብጡ ታይተው አያውቁም። እጃቸው ከካፖርታቸው ኪስ አይወጣም።

«ጨረስሽ?» አሏት።

«ጨረስኩ እትዬ።»

«አሎራ… እንግዲህ ተመልከቺ።»

እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

ጭብጨባው ቀጥ አለ።

ጣቶቻቸው ወደ ጎን ተጣመዋል… አንዱ ሌላው ላይ ተኝቷል። ማንኪያ እንኳ በሁለት መዳፍ ካልሆነ አይይዙም።

«ለእኔም ይሄንኑ ክኒን ሰጥተውኝ ነበር» አሉ። «ያኔ ጣቶቼ እንደ አንቺው ቀጥ ያሉ ነበሩ። እኔም ‹ወባ የለብኝም!› ብዬ ቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። መጥቼም ለጓደኞቼ አወራሁ…»

ዙሪያቸውን የተቀመጡትን አንድ በአንድ አዩ።

«እነሱም እንደዚሁ አጨበጨቡልኝ።»

ወደ ካሳነሽ ዞሩ።

«ክኒኑ ለወባም ይሆናል፣ ለዚህም ይሆናል። ጣልያኖቹም ይውጡታል። እኔ ይሄን ያወቅኩት ጣቴ ከተጣመመ በኋላ ነው። የተጣመመ ደግሞ በክኒን አይቃናም፣ ልጄ።»

ካሳነሽ እንባዋ መጣ። «ታዲያ ምን ላድርግ? ሄጄ እግሩ ላይ ልውደቅ?»

«ለምን ትወድቂያለሽ! እልህሽን አትጣዪው፣ ያስፈልግሻል። ግን ከሐኪሙ ላይ አንሺውና በሽታው ላይ አድርጊው!»

በማግስቱ ካሳነሽ ሐኪሙ ፊት ቆመች። አላቀረቀረችም።

«ዶቶሬ፣ ክኒኑን እወስዳለሁ። ግን መጀመሪያ ለምን እንደሆነ ይንገሩኝ! የምውጠውን ማወቅ እፈልጋለሁ!»

«ቫ ቤኔ፣ እሺ» አለ ሐኪሙ። «ቀድሜ መንገር ነበረብኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ከዚያ ቁጭ ብሎ አስረዳት። መድኃኒቱ ለመሥራት ወራት እንደሚፈልግ፣ በየጊዜው ዓይኗን መመርመር እንዳለባት፣ ጣቶቿን በየቀኑ እንድታንቀሳቅስ፣ ሲያብጡ ደግሞ እንድታሳርፋቸው ነገራት።

ካሳነሽ ቤት እንደገባች ሲኞራዋን አስቀመጠቻት።

«ሲኞራ፣ ብርድ አይደለም፣ አርትሪቴ ነው። እየታከምኩ ነው። ከእንግዲህ ተንበርክኬ እርጥብ ጨርቅ እየጨመቅኩ ወለል አልወለውልም፣ ባለ እንጨት መወልወያ ይግዙልኝ። ሥራዬን ግን አልለቅም!»

ሲኞራዋ አኮረፈች… ሰነባብታ ግን መወልወያውን ገዛች።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ምንም ለውጥ አልነበረም። ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር። ካሳነሽ ግን እልኸኛ ናት… እየመረራት ዋጠችው። ቀስ በቀስ የጠዋቱ ድርቀት እየላላ መጣ። አንዳንድ ቀን ዛሬም ያማታል፣ ጣቶቿ ግን አልተጣመሙም።

ከዚያ አንድ ሐሙስ እትዬ ጣይቱን ክንዳቸውን ይዛ ጎተተቻቸው።

«ወዴት ነው?»

«ሐኪም ቤት!»

«የኔማ አልፏል፣ ልጄ። ተዪኝ።»

«አውራ ጣትዎ ገና ቀጥ ብሎ የለ? ለእሱ እንታገላለን! ይነሱ!»

እትዬ ጣይቱ ተነሱ።

ወዳጆቼ… ክብርን ማስጠበቅ ጥሩ ነው። «ይሄ ምንድን ነው? ለምንድን ነው?» ብሎ ሐኪምን ማፋጠጥም መብታችን ነው። መልሱን ሳይሰሙ መወርወር ግን የሚጎዳው ወርዋሪውን ነው። ጠዋት ጠዋት ጣታችሁ አልታጠፍ ካለ «ብርድ ነው» ብላችሁ አትደብቁት፣ ገና በጅማሬው ታከሙ።

እስቲ እውነቱን አውሩኝ…

ወዳጃችሁ በእልህ ራሷን ስትጎዳ አጨብጭባችሁላት ታውቃላችሁ? ወይስ እንደ እትዬ ጣይቱ የራሳችሁን ቁስል አውጥታችሁ አሳያችኋት?