አቡ ናይፍ የሚሄድበት

ዱኸይል አፉ የተሰፋ ሰው ነው ይባልለታል። ረፍሃ በምትባል የበረሃ ከተማ፣ ገበያው ጥግ ሱቅ አለው። ገበያው አቡ ፈሃድ ይለዋል። የሰው ጂፒኤስ ከኮምፒውተሩ ጋር እያገናኘ፣ በረሃ ለበረሃ የተነዳውን መንገድ ካርታ ላይ ያወጣል። ግመል የጠፋበትም፣ ጭልፊት የሚያጠምድም፣ እንጉዳይ የሚለቅምም ወደ እሱ ነው የሚመጣው። መሣሪያው የጻፈውን ካርታው እንዳለ አይቀበለውም፤ ፋይሉ መቀየር አለበት። መቀየሩንስ ሌላውም ያውቅበታል። አይቶ ዝም ማለቱ ግን የዱኸይል ብቻ ነው። ደግሞም ባለቤቱ ራሱ ይዞት ካልመጣ የማንንም መሣሪያ አይከፍትም፤ በዚህ ቀልድ የለም።

ያን ዓመት ዝናቡ በጊዜው ጥሎ፣ ገበያው ከመሬት ስር በሚወጣው ውድ እንጉዳይ ተጥለቅልቆ ነበር። አንድ ማለዳ አንዲት ሴት ሱቁ ገባች። ከዓይኗ በስተቀር ሁለመናዋ ተሸፍኗል። ከቦርሳዋ ጂፒኤስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«የባሌ ነው» አለች።

ዱኸይል ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ቀይ ፕላስተር ሲያይ ወዲያው ለየው። «እንዴ! ይሄማ የሸላሽ ነው። የአቡ ናይፍ!»

ሴትዮዋ ዓይኗን ከፕላስተሩ ወደ እሱ መለሰች። «አዎ። እኔም ኡም ናይፍ ነኝ።»

የናይፍ አባት፣ የናይፍ እናት። ዱኸይል ብድግ ብሎ በአክብሮት ሰላም አላት። ሸላሽን ያውቀዋል፤ ወሬ የማያበዛ፣ ስለ ቤቱ ትንፍሽ የማይል ሰው ነው። ገበያ ላይ ትልልቁን እንጉዳይ የሚያመጣው እሱ ነው። መሣሪያውንም ከዚሁ ሱቅ ገዛው እንጂ አንድም ቀን አስከፍቶት አያውቅም።

«እሱስ የት ሄዶ ነው?» አለ ዱኸይል።

«እኔስ ምን ፈልጌ መጣሁ? የት እንደሚሄድ ንገረኝ!» አለች። «ሌላ አግብቶብኛል፣ ልጄ።»

«ይቅር ይበሉኝ ኡም ናይፍ፣ ባለቤቱ ካልመጣ አልከፍትም። ሰው የሚያምነኝ ለዚህ ነው።»

«እኔም አምኜው ነበር! ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ አቧራ ለብሶ ይመለሳል። የት ዋልክ ስለው ይስቅብኛል። አንተ ስምህን ጠብቅ፤ የኔን ቤት ማን ይጠብቅልኝ?» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

እንግዲህ ዱኸይል አፉ ነው እንጂ ልቡ አልተሰፋም። በገዛ እናቱ ላይም ጣውንት መጥታባት ነበርና፣ ያን ለቅሶ ገና ልጅ ሳለ ነው የሚያውቀው። የዚችኛዋም ለቅሶ አንጀቱን በላው። ለሐሜተኛ እንዳይመች የሱቁን በር ወለል አድርጎ ከፈተና መሣሪያውን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘው። ስሙን ለአንዲት ሴት እንባ ሲል አስይዞ ፋይሉን ቀየረው።

መንገዱ ካርታው ላይ ወጣ። መስመሩ ከከተማ ወደ ደቡብ ይሄድና ይዞራል፤ የመጣበትን ይመለሳል፤ እንደገና ይጠመዘዛል።

«እየው! እየው!» አለች ሴትዮዋ። «ንጹሕ ሰው እንዲህ ይጠማዘዛል? እንዳይከተሉት እኮ ነው!»

ዱኸይልም እውነት ይሆን ብሎ ጠረጠረ።

«ይሄ የተበታተነውስ ምንድን ነው?» አለች።

«ሰው አንድ ቦታ ሲቆም መሣሪያው ዝም አይልም፤ ነጥቡን እንደ ሰሊጥ ይበትነዋል። አሁን አጸዳዋለሁ።»

«እንዳትነካው! እኔ የምፈልገው የቆመበትን ነው!»

እውነቷን ነው ብሎ ተወው። ከሰማይ የተነሣውን ፎቶ ከስር አነጠፈና እያቀረበ፣ ጣራ አያለሁ ብሎ እየፈራ አጎንብሶ ፈለገ። አንድም ጣራ አልነበረም። የድንኳን ጥላ እንኳን የለም።

«ኡም ናይፍ፣ ደስ ይበልዎ!» ብሎ ጮኸ። «ሴት የለ፣ ቤት የለ። ሰውዬው እንጉዳይ ፍለጋ ነው የሚንከራተተው!»

«አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ወዲያው ግን መልሶ ከፋት። «ድንኳን እኮ ይነቀላል፣ ልጄ። የቆመባቸውን ሥፍራዎች ስልኬ ላይ አድርግልኝ። ሄጄ በዓይኔ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ከዚህ በኋላ እምቢ ቢል ምን ሊጠቅም? ሥፍራዎቹን አንድ በአንድ ምልክት አድርጎ ላከላት። ልክፈል ብትለውም አልተቀበላትም።

«አንተስ አግብተሃል?» አለች ወደ በሩ እየሄደች።

«ገና ነኝ።»

«አላህ እንዳንተ የዋህ የሆነች ሚስት ይስጥህ፣ አቡ ፈሃድ።»

ውጭ ሁለት ሴቶች ፒካፕ ውስጥ ሆነው ይጠብቋት ነበር። ከኋላ የተጫነው ባዶ ሣጥን እየተንቋቋ ሄዱ። ዱኸይል የሰው ትዳር አዳንኩ ብሎ ቀኑን ሙሉ እያፏጨ ዋለ።

ከቀናት በኋላ ሸላሽ ፊቱን አጥቁሮ መጣ።

«አዲስ ጂፒኤስ ስጠኝ። የኔን ገበያ ላይ ከመኪናዬ አውጥተው ወሰዱብኝ። ስንት ዓመት የለፋሁበት ሥፍራ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር!»

ዱኸይል ሳቁን መያዝ አቃተው። «አይዞህ፣ ማንም አልሰረቀህም፤ ቤትህ ነው ያለው። ሚስትህን ጠይቃት። ደግሞ አንተም ለሷ ንገራት እንጂ፣ ምን ዓይነት ሰው ነህ? ምስኪን፣ እዚህ ቁጭ ብላ ስታለቅስ አንጀቴን በላችው።»

ሸላሽ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ።

«ናይፍ እኮ የሟቹ አባቴ ስም ነው» አለ። «ወደፊት የምወልደው በአባቴ ስም ይጠራል ብለው ነው አቡ ናይፍ የሚሉኝ፣ አንተን ሳትወልድ አቡ ፈሃድ እንደሚሉህ። እኔ እንኳን ልጅ፣ ሚስትም የለኝ።»