ቀስ የሚለውን ማሽን የፈለጉት እናት

«ፈጣኑን አልፈልግም... ቀስ የሚለውን አሳየኝ።»

ሻጩ አፉን ከፍቶ ቀረ።

እትዬ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በተደረደሩት የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች ፊት ቆመዋል።

«እናቴ፣ አስር ዓመት ማሽን ስሸጥ ቀርፋፋ ስጠኝ ያለኝ ሰው የለም። ይሄ እኮ በሃያ ስምንት ደቂቃ አጥቦ፣ አለቅልቆ፣ ጨምቆ ያስረክብዎታል!»

«ይቅርብኝ። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ የለህም?»

ልጃቸው ከስልኩ ቀና አለ።

«እማዬ፣ ሰው አታስቂብን እንጂ!»

ከመሥሪያ ቤት የወሰደው ፈቃድ የአንድ ሰዓት ነው... ግማሹ አልቋል።

«ባለ ሃያ ስምንት ደቂቃውን ጫንልኝ» አለው ለሻጩ።

ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም። ለእናቱ ከሁሉ የተሻለውን መግዛቱ ነው።

የእኛን ሕንፃ ለማታውቁ ልንገራችሁ... እትዬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት።

አሮጌው ማሽናቸው ሲሽከረከር እየዘለለ መታጠቢያ ቤቱ በር ድረስ የሚመጣ፣ በብሎኬት ካልተደገፈ የማይቆም ጉድ ነበር።

እኛም በረንዳ ላይ ተሰብስበን «ምነው ሰሰቱ? ይሄን ቆርቆሮ አይጥሉትም?» እያልን ስንቦጭቃቸው ከረምን።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ማሽን የሌላቸው ሁለት ሰዎች ልብሳቸውን ይዘው ወደ እትዬ ይወጡ ነበር። አንደኛ ፎቅ የተከራየችው ነርስና የሕንፃው ጥበቃ።

ማሽኑ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲያጓራ... ነርሷ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ሶፋው ላይ ሰቅላ፣ ከአለቃዋ ጋር የተጣላችውን አንድ በአንድ ታወራለች።

ጥበቃው ደግሞ ቁጭ ባለበት እንቅልፍ ይዞት ይሄዳል። ያንኮራፋል!

እትዬ ማንኮራፋቱን ራሱ ይወዱት ነበር... ቤት ውስጥ ሰው አለ ማለት ነዋ።

አዲሱ ማሽን በገባ ቅዳሜ ነርሷ መጣች። ገና ወሬዋ ሳይሞቅ ማሽኑ ዘፈን ቢጤ አሰማ።

«ውይ! አለቀ እንዴ? ልጅዎን ይባርክልዎ እትዬ! ዛሬስ ስንት ሥራ እሠራበታለሁ!»

ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።

ጥበቃውም ልብሱን በር ላይ አቀብሎ «ሲያልቅ ይጥሩኝ» ብሎ ወረደ።

እትዬ አውጥተዋቸው የነበሩትን ሦስት የሻይ ብርጭቆዎች አንድ በአንድ ወደ ቁም ሳጥኑ መለሱ... ሳይጠጣባቸው አጥበው።

ከሦስተኛው ቅዳሜ ጀምሮ ማሽኑ አመል አወጣ።

ሊጨርስ ሲል ቀጥ ይላል... እንደገና ከመጀመሪያው። የጥበቃው ሰማያዊ ሸሚዝ ነጭ ሊሆን ምንም አልቀረው።

«እትዬ፣ ይሄ ሸሚዝ በአንድ ቀን እኔ በዓመት ከምታጠበው በላይ ታጠበ እኮ!»

«አዲስ ዕቃ ምን እምነት አለው ብለህ ነው... አረፍ በል፣ አሁን ይጨርሳል» ይሉታል።

ይቀመጣል። ይተኛል። ያንኮራፋል።

ሁለት ወር ሳይሞላ የማሽኑ በር መቆለፊያ ተሰበረ። ልጅየው ጠጋኝ ይዞ፣ ግንባሩን ቋጥሮ መጣ።

ጠጋኙ ስልኩን ከማሽኑ ጋር አገናኝቶ ትንሽ አነበበ።

«ማሽኑ ጤነኛ ነው። መሀል ላይ የሚያቋርጠው ሰው ነው... ባለፈው ቅዳሜ ብቻ ሰባት ጊዜ።»

ልጁ እናቱን አያቸው። ንዴቱ ጠፍቶ ፊቱ አመድ መሰለ።

«እማዬ... ያስጀመርሽውን ትረሺዋለሽ እንዴ?»

እትዬ የቀሚሳቸውን ጫፍ አጠፉ... ዘረጉ... እንደገና አጠፉ።

«አዎ ልጄ... መርሳት ጀምሬያለሁ።»

«በቃ፣ ሐኪም ቤት እወስድሻለሁ። የሰው ልብስ ማጠብም ከዛሬ ጀምሮ ቀረ! ለሁለቱም እኔው እነግራቸዋለሁ።»



ጠጋኙና ልጁ ሲወርዱ፣ ልክ በእኔ በር ፊት ጠጋኙ ክንዱን ያዝ አደረገው።

«ወንድሜ፣ አያገባኝም... ግን እናትህ አልረሱም። ማሽኑ የእያንዳንዱን ቀን ይመዘግባል። በአዘቦቱ ቀን የራሳቸውን ሲያጥቡ አንዴም አልተቋረጠም። የሚቋረጠው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው... ቅዳሜ ማን ነው የሚመጣው?»

ልጁ ደረጃውን እየዘለለ ተመለሰ።

«ለምን ረሳሁ አልሽኝ? ብቸኝነት ከበደኝ ማለት አቅቶሽ ነው?»

«ሰው እየሰማ እንዴት ብዬ ልበለው?» አሉት ቀስ ብለው። «እዚህ ሕንፃ ውስጥ ወሬ ከአሳንሰር ይፈጥናል። ‹ልጅ እያላቸው ሰው ናፈቁ› ብለው ሲያሙህ ከምሰማ... ‹ጃጁ› ቢሉኝ ይሻለኛል።»

ግድግዳችንም ጣሪያችንም ስስ ነው... ሰማን። የምናማው ደግሞ እኛው ነን። መሬት ተከፍታ ብትውጠን በወደድን!

ልጁ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የመኪናው ቁልፍ ከእጁ አልወጣም።

እትዬ ፊቱን አላዩም... ቁልፉን ነው ያዩት።

«ሥራ አይረፍድብህም?»

«አይ... ትንሽ እቀመጣለሁ።»

ትንሽ...

ወዳጆቼ፣ ለእናት ጊዜ የሚቆጥብ ዕቃ ገዝተን ግዴታችንን የተወጣን አይምሰለን። ጊዜማ ሞልቷታል... ያጣችው አብሯት የሚያሳልፈውን ሰው ነው። በረንዳ ላይ ቆመን ከማማት ደግሞ በሯን አንዴ ማንኳኳት ይቀላል። ይሄን የምለው ለራሴም ጭምር ነው።

እስቲ በሐቅ መልሱልኝ... እናታችሁ ቤት ስትሄዱ ቁልፋችሁን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጡታላችሁ ወይስ ጨብጣችሁት ትቀመጣላችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉት 👇