ስም የሚወጣበት ክትባት

ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት ያልተከተበ ሕፃን ስም እንዳይወጣለት ከተደነገገ ወዲህ፣ በሰፈሩ ያለ ጨቅላ ሁሉ ወይ ማሙሽ ነው ወይ ሚጡ።

ዛሬ ግን ትብለጥ ከደስታዋ ብዛት ልትበር ምንም አልቀራት! ማሙሽን አዝላ ጤና ጣቢያ ስትደርስ ዘመድ አዝማዱ ለእልልታ ተሰብስቦ ጠበቃት። ማዘያው ላይ ስም የሚጠለፍበት ባዶ ቦታ አለ፤ መጀመሪያ የተተወው ለታላቅ እህቱ ነበር። እሷን ኩፍኝ ቀደማት፤ ሚጡ እንደተባለች ተቀበረች።

ነርሷ ትኩሳቱን ለካች፤ ዓይኑ አለመቅላቱን፣ ገላው ላይ ሽፍታ አለመኖሩን አይታ ወጋችው። ማሙሽ ቤቱን በለቅሶ አናጋው።

«እንኳን ደስ አለሽ! ስሙን ማን ብዬ ልጻፍ?»

«ሁለት ስም እነግርሻለሁ» አለች ትብለጥ፣ እየሳቀች፣ እያለቀሰች። «የእሱን ጻፊው። የእሷን ስሚልኝ ብቻ።»