የቤተሰቡ ካርታ

ሐሙስ ከቀትር በኋላ አባትየው የልጁን ሞት አመነ። በታይቹንግ ከተማ በሐዘናቸው የምትረዳቸው ማኅበራዊ ሠራተኛ ከሚስቱ ጋር እንዲሥሉት በሰጠቻቸው የቤተሰብ ካርታ ላይ፣ ሟቹን ልጅ ጁንሆንግን በሚወክለው ሣጥን ውስጥ የሞት ምልክት የሆነውን ኤክስ አሰመረ።

«አጥፋው!» አለች እናትየው እርሳሱን እየነጠቀችው። «አሁንስ በእጅህ ልትቀብረው ነው?»

«ዓመት ሞላው እኮ፣ አንቺ።»

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ለወራት የጠበቀችው የባልና ሚስቱ እንባ በመጨረሻ መጥቶ ነበርና ጣልቃ አልገባችም።

«አባዬ፣» አለች አጠገባቸው የተቀመጠችው የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጃቸው ዪቹን ፈገግ ብላ፣ «ወረቀቱ ጠበባችሁ እንዴ? እኔን እኮ አልሣላችሁኝም።»

ሦስቱም አዋቂዎች ወረቀቱን አዩ። በላዩ አባት፣ እናትና የሞተው ልጅ ብቻ ነበሩ። ማኅበራዊ ሠራተኛዋም እስከዚያች ቅጽበት ድረስ አላስተዋለችም። እናትየው በካርታው ላይ ሴትን የሚወክለውን ክብ በጥድፊያ መሣል ስትጀምር፣ ልጅቷ እጇን በእናቷ እጅ ላይ በቀስታ አሳረፈች።

«ተዪው፣ እማዬ። ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ የምኖረው ሁዋሊየን ከተማ፣ አያቴ ጋ ነው።»